ማዕዘንን በሜትር መለካት፦ ከመሠረት ቅየሳ እስከ ጣራ ተዳፋት

10 ሜትር የሚረዝም ግድግዳ ማዕዘኑ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ጫፉ ላይ ሲደርስ 17 ሴንቲ ተኩል ይስታል። ከትምህርት ቤት የምናውቃት ትንሿ ፕሮትራክተር ደግሞ 1 ዲግሪን የምታሳየው ከ1 ሚሊ በምታንስ ክፍተት ነው። የእርሳሱ ጫፍ ራሱ ከዚያ ይወፍራል። ለዚህ ነው ሥራ ቦታ ላይ ማዕዘን በዲግሪ የማይለካው። ዲግሪው ወደ ርዝመት ይለወጥና ሜትሩ ይለካዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንኑ የሚያሳይ ነው። ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ቱንቢ፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መፈተሻው)፣ ውሃ ልክና ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃሉ።

መጀመሪያ መሣሪያውን ፈትሹ

የኪስ ሜትር ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ተበላሽታ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው። ከውጭ ጠርዝ ላይ ስትሰቅሏት ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ግድግዳ ላይ ስትገፏት ወደ ውስጥ ትገባለች፤ በሁለቱም በኩል ዜሮው ትክክል ይሆናል። «ላላች» ብሎ በመዶሻ የሚያጠብቃት ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሜትር አንዱን ወገን ሁልጊዜ ይዋሻል። መንጠቆዋ ከተጣመመች ከ10 ሴንቲ ላይ ጀምሩና ከውጤቱ 10 ቀንሱ። መቀነሱን የሚረሳ ረዳት ስለሚኖር ግን ቁጥሩን ስትጠሩለት «ከ10 ነው» በሉት።

ረጅሙ የፋይበር ሜትር ሲወጠር ይለጠጣል። ሥራው ሳይጀመር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከብረቱ ሜትር ጋር አስተያዩት። አንድን ቤት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሜትር ለኩ።

ስኳድራን ለመፈተሽ ጠርዙ ቀጥ ያለ ጣውላ ፈልጉ። ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አስደግፉና በቀጭን እርሳስ መስመር ስመሩ። ከዚያ ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ተነሥታችሁ ሌላ መስመር ስመሩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከሄዱ ስኳድራው ደህና ነው። ወደ ላይ እየሄዱ ከተለያዩ ስህተቱ የምታዩት ክፍተት ግማሽ ነው፤ 30 ሴንቲ ላይ 2 ሚሊ ከተራራቁ ስኳድራው በ30 ሴንቲ 1 ሚሊ ይስታል ማለት ነው። ይህ ለበር ጉበን ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል፤ ለቁም ሳጥን መሳቢያ ግን አይሆንም።

ውሃ ልክም እንደዚሁ ነው። አንድ ቦታ አስቀምጡ፣ አረፋው የቆመበትን አስተውሉ፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙሩና በዚያው ቦታ መልሳችሁ አስቀምጡ። አረፋው በሁለቱም ጊዜ እዚያው ከቆመ እመኑት። በስልክ የሚሠራውን ውሃ ልክም በዚሁ መንገድ ሳትፈትሹ አትጠቀሙበት፤ የካሜራው እብጠት ብቻ ብዙ ያዛንፈዋል።

ቀጥ ያለ መስመር

ሲባጎ ቀጥ የሚለው ሁለት ሁኔታ ሲሟላ ነው፦ በደንብ ሲወጠርና መሃል ላይ ምንም ሳይነካው ሲቀር። አንድ ብሎኬት እንኳ ሲባጎውን ከገፋ ከዚያ በኋላ ያለው ረድፍ በሙሉ አብሮ ይጣመማል። ስለዚህ ብሎኬቱን ከሲባጎው ጋር አታጋጩ፤ ብርሃን የምታሳልፍ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ክፍተት ተዉ። ነፋስ ሲኖር መስመሩን ከማመናችሁ በፊት በአንድ ዓይናችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት።

ወለል ወይም ግድግዳ ላይ መስመር ለመጣል ሲባጎውን በቀለም ዱቄት ወይም በከሰል አሽታችሁ ሁለቱን ጫፍ አስይዙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ከላዩ አንሡና ልቀቁት። ርቀቱ ከበዛ መሃሉን በአውራ ጣት ተጭናችሁ ግራና ቀኙን ለየብቻ ምቱ። ወደ ጎን አዘንብላችሁ ከለቀቃችሁት መስመሩ ቅስት ሆኖ ይወጣል።

ነጥብ ስታስቀምጡ ደግሞ የእርሳስ ጠብታ አታድርጉ። ጫፏ ልኩ ላይ የምታርፍ የቀስት ምልክት አድርጉ። ጠብታ 2 ሚሊ ስፋት አላት፤ መጋዙ በየትኛው ወገኗ እንደሚያልፍ ማን ያውቃል? ብረት ላይ ሲሆን ጠመኔው ቀጭን ካልሆነ በሹል መጫሪያ ምልክት አድርጉ።

ቤቱን ማዕዘን ማስያዝ

8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት እንቀይስ።

1. የቤቱ ፊት የሚሆነውን መስመር ወስኑ። ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ወይም ከአጥሩ ጋር ትይዩ ነው። ትይዩ ለማድረግ ከአጥሩ በሁለት ቦታ እኩል ርቀት ለኩ፤ ሁለቱ ቦታዎች በተራራቁ ቁጥር የተሻለ ነው።

2. የመጀመሪያውን የማዕዘን ችካል «ሀ» በሉት። አናቱ ላይ ሚስማር ምቱ፤ ልኬቱ የሚነሣው ከሚስማሩ ነው። በፊተኛው መስመር ላይ 10 ሜትር ለክታችሁ «ለ»ን ትከሉ።

3. ከ«ሀ» ተነሥታችሁ በዚሁ መስመር ላይ 6 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ።

4. አንድ ሰው የአንዱን ሜትር ዜሮ «ሀ» ላይ ይያዝ፣ ሌላው የሁለተኛውን ሜትር ዜሮ 6 ሜትሩ ምልክት ላይ ይያዝ። ሦስተኛው ሰው ሁለቱን ሜትሮች ወደ ጓሮ ይሳባቸው። የ«ሀ»ው ሜትር 8 ሜትር፣ ሁለተኛው 10 ሜትር በሚያነቡበት ቦታ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ችካል ይመታ።

5. ከ«ሀ» በዚያ ችካል በኩል የሚያልፈው መስመር ከፊተኛው ጋር ቀጤ ማዕዘን ይሠራል። በዚህ ቤት ጎኑም 8 ሜትር ስለሆነ ያው ችካል የቤቱ ሁለተኛ ማዕዘን ሆነ።

ይህ ሁሉም ግንበኛ የሚያውቀው የ3፣ 4፣ 5 ሦስት ማዕዘን ነው፤ በእጥፍ ብቻ ወሰድነው። የማጠፉን ጥቅም በቁጥር እዩት። ሜትሩን ስታነቡ በረጅሙ ጎን ላይ 1 ሴንቲ ተሳሳታችሁ እንበል። በ60፣ 80፣ 100 ሴንቲ ሠርታችሁ ከሆነ ግድግዳው 10 ሜትር ላይ 21 ሴንቲ ገደማ ይስታል። በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ከሆነ 4 ሴንቲ ገደማ። በ6፣ 8፣ 10 ከሆነ 2 ሴንቲ ገደማ። ቦታው እስከፈቀደ ድረስ ትልቁን ተጠቀሙ። ብዙ የተጣመመ ቤት የሚወለደው ከዚያች በ60 እና 80 ከተሠራች የእንጨት ስኳድራ ነው።

ሜትር በሌለበትም ይሠራል። ከ«ሀ» ግራና ቀኝ በአንድ ገመድ እኩል ርቀት ምልክት አድርጉ። ከሁለቱ ምልክቶች በሌላ፣ ረዘም ባለ ገመድ ቅስት ስመሩ። ቅስቶቹ የሚቋረጡበትን ነጥብ ከ«ሀ» ጋር ስታገናኙ ቀጤ ማዕዘን አገኛችሁ። አንድም ቁጥር አላነበባችሁም።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሜትሩ ተዳፋቱን ተከትሎ መውረድ የለበትም። እንደ ሽሮ ሜዳ ባለ ሰፈር በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር የሚወርድ ቦታ ብርቅ አይደለም። መሬቱን ተከትላችሁ 10 ሜትር ከለካችሁ እውነተኛው አግድም ርቀት 9.81 ሜትር ብቻ ነው፤ 19 ሴንቲ ጠፋ። ሜትሩን አግድም ያዙና ከመሬት ከፍ ባለው ጫፍ ቱንቢ ጥላችሁ መሬት ላይ ምልክት አድርጉ። ከፍታው ከበዛ በየ2 ሜትሩ እየቆረጣችሁ ደረጃ በደረጃ ውረዱ።

ሰያፉ ይመስክር

አራተኛውን ችካል በሁለት ርዝመት ታገኙታላችሁ፦ ከ«ለ» 8 ሜትር፣ ከጓሮው ችካል 10 ሜትር። ከዚያ ሁለቱን ሰያፎች፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ማዶው ማዕዘን ያለውን ርቀት፣ ለኩ። ለ8 በ10 ቤት ሰያፉ 12.81 ሜትር መሆን አለበት። ካልኩሌተሩ ላይ 8 ሲባዛ በ8፣ 10 ሲባዛ በ10፣ ደምሩና ስኩዌር ሩት ውሰዱ።

«ሰያፎቹ እኩል ናቸው፣ በቃ» የሚለው አይበቃም። አንድ ጫፉ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ያለ ቅርጽም ሰያፎቹ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ትይዩ ጎኖቹም እኩል፣ ሰያፎቹም እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው ማዕዘኑ የያዘው።

ጎኖቹ ትክክል ሆነው ሰያፎቹ ከተለያዩ ቤቱ ተገፍቶ አዘንብሏል። አንዱን ችካል ብቻ ነቅላችሁ አታርሙ። የጓሮውን ሁለት ችካሎች በአንድነት፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ረጅሙን ሰያፍ ወደሚያሳጥረው አቅጣጫ አንሸራቷቸው። ስንት? ብዙዎች የልዩነቱን ግማሽ ይላሉ፤ ለጅምር ይሆናል። ትክክለኛው ልዩነቱን በሰያፉ ማባዛትና ችካሎቹ ለሚንሸራተቱበት ጎን እጥፍ ማካፈል ነው። በእኛ ቤት ልዩነቱ 4 ሴንቲ ከሆነ 4 ሲባዛ በ12.81፣ ሲካፈል ለ20፣ 2.6 ሴንቲ ገደማ ይመጣል። ካንሸራተታችሁ በኋላ ጎኖቹን መልሳችሁ ለኩ።

ቁፋሮ ሲጀመር እነዚህ ችካሎች ይጠፋሉ፤ ዶማውም አካፋውም አይራራላቸውም። ስለዚህ ከማዕዘኖቹ ውጪ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ርቀት ላይ ችካልና አግድም ጣውላ አቁሙ። መስመሮቹን ወደ ጣውላው አሻግሩና በሚስማር ምልክት አድርጉ። ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ሲባጎውን ከሚስማር ሚስማር ስትወጥሩ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታ ያው የመጀመሪያው ማዕዘን ነው፤ ከዚያ ቱንቢ ጥላችሁ ወደ ጉድጓዱ አውርዱት። ለመሠረቱ ስፋትና ለግድግዳው ውፍረት የተለያየ ሚስማር ስለሚመታ ሚስማሮቹን በቀለም ለዩአቸው።

ጣውላዎቹ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ለዚህ ከጎማ ውሃ ልክ የሚሻል ርካሽ መሣሪያ የለም። ብርሃን የሚያሳይ ጎማ ውሃ ሙሉና ውስጡ አረፋ አለመኖሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ። አንዲት አረፋ ካለች ንባቡ ውሸት ነው። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አቁማችሁ ውሃው እኩል መቆሙን ካረጋገጣችሁ በኋላ አንዱን ወደ ሩቁ ማዕዘን ውሰዱ። በጉዞ ላይ ጫፉ በአውራ ጣት ይደፈናል፤ በንባብ ጊዜ ግን ሁለቱም ጫፎች ክፍት ይሁኑ። ውሃው መዋለሉን እስኪተው ጠብቁ። የጎማው ግማሽ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ ሆኖ ከቆየ የሞቀው ውሃ ከፍ ይላል፤ ጠዋት መሥራት ይሻላል።

ማንኛውንም ዲግሪ በሜትር መሥራት

ፕላኑ ላይ 60፣ 75 ወይም 120 ዲግሪ ሊጻፍ ይችላል። ፕሮትራክተር ሳትፈልጉ እንዲህ አድርጉ፦ ከማዕዘኑ ነጥብ በመነሻው መስመር ላይ 1 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። በገመድ ወይም በሜትር የ1 ሜትር ቅስት ስመሩ። ከምልክቱ ተነሥታችሁ ከታች ያለውን ርቀት በቀጥታ ለኩና ቅስቱን በሚያገኝበት ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡን ከማዕዘኑ ጋር ስታገናኙ የፈለጋችሁት ዲግሪ ነው።

15 ዲግሪ፦ 26.1 ሴንቲ
30 ዲግሪ፦ 51.8 ሴንቲ
45 ዲግሪ፦ 76.5 ሴንቲ
60 ዲግሪ፦ 100 ሴንቲ
75 ዲግሪ፦ 121.8 ሴንቲ
120 ዲግሪ፦ 173.2 ሴንቲ

ቅስቱን 2 ሜትር ካደረጋችሁ ቁጥሩን በ2 አባዙ፤ 3 ሜትር ከሆነ በ3። ዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ዲግሪ ግማሹን ወስዳችሁ ሳይኑን ፈልጉ፣ በ2 አባዙ፣ በቅስቱ ሬዲየስ አባዙ።

አንድ የማልረሳት ቁጥር 57.3 ናት። በ57.3 ሴንቲ ሬዲየስ ቅስት ስትሰሩ በቅስቱ ላይ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ 1 ዲግሪ ነው። የሚታጠፍ ሜትር ቅስቱን ተከትሎ አስተኙና 37 ዲግሪ ከተፈለገ 37 ሴንቲ ላይ ምልክት አድርጉ። ለወርክሾፕ ጠረጴዛ የሚበቃ ትልቅ ፕሮትራክተር በአንድ ፓነል ላይ ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ መስቀል ትችላላችሁ።

በተገላቢጦሽም ይሄዳል። የተሠራ ማዕዘን ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለማወቅ ከማዕዘኑ በሁለቱም ግድግዳ 1 ሜትር ምልክት አድርጉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። 141.4 ሴንቲ ከሆነ ልክ 90 ነው። 136.8 ካነበባችሁ ግማሹ 68.4፣ ለ100 ሲካፈል 0.684፣ የካልኩሌተሩ የሳይን ተገላቢጦሽ 43.16፣ እጥፉ 86.3 ዲግሪ። ሴራሚክ ወይም የወጥ ቤት ካቢኔ ከመታዘዙ በፊት ይህን መለካት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ለክብ ሥራ መሃል ላይ ችካልና ገመድ ይበቃል፤ ጎጆ ቤት ሲተከልም መሬቱ የሚሰመረው በዚሁ ነው። በክቡ ዙሪያ በራሱ ሬዲየስ ስትራመዱ በስድስተኛው እርምጃ መነሻችሁ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ስድስት ማዕዘን ተገኘ። ስምንት ማዕዘን ለሚሆን ቤተ ክርስቲያን ወይም ዳስ ሬዲየሱን በ0.765 አባዙ፤ 5 ሜትር ሬዲየስ ላለው እያንዳንዱ ጎን 3.83 ሜትር ይመጣል። ስምንተኛው እርምጃ መነሻው ላይ ካላረፈ ስህተቱን ለስምንት አካፍላችሁ እርምጃችሁን አስተካክሉ እንጂ የመጨረሻውን ጎን ብቻ አትዘርጉት።

ተዳፋት

የጣራ ዲግሪ የሚሠራው በ1 ሜትር አግድም ስንት ሴንቲ ይወጣል በሚለው ነው፦ በ5 ዲግሪ 8.7፣ በ10 ዲግሪ 17.6፣ በ15 ዲግሪ 26.8፣ በ20 ዲግሪ 36.4፣ በ30 ዲግሪ 57.7 ሴንቲ። 6 ሜትር ስፋት ላለው ቤት ባለ ሁለት ክንፍ ጣራ በ15 ዲግሪ ቢታሰብ ከመሃሉ እስከ ግድግዳው 3 ሜትር ነው፤ 3 ሲባዛ በ26.8፣ አናቱ 80 ሴንቲ ከፍ ይላል። ዘንበል ብሎ የሚተኛው የጣራ እንጨት ርዝመት በዚያው በሰያፉ ሂሳብ 3.11 ሜትር ይሆናል። ወደ ውጭ የሚወጣውን ክፈፍ ጨምሩበት።

ፐርሰንትና ዲግሪ አይምታቱባችሁ። 15 ፐርሰንት ማለት በሜትር 15 ሴንቲ ነው፤ በዲግሪ ሲሆን 8.5 ብቻ። ፕላኑ ላይ ፐርሰንት የተጻፈውን ዲግሪ ብሎ ያነበበ አናጺ እንጨት ያባክናል፤ ዲግሪውን ፐርሰንት ያደረገ ደግሞ ክረምት ሲገባ ቤቱ ውስጥ ባልዲ ያስቀምጣል።

ቆረጣና ማጠፍ

የመስኮት ፍሬም በ45 ዲግሪ ይቆረጣል የሚባለው ማዕዘኑ 90 ሲሆን ነው። ደንቡ «ማዕዘኑን ለሁለት ክፈል» ነው። 100 ዲግሪ ላለው ማዕዘን ሁለቱም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው የፍሬም ብረት) በ50 ይቆረጣሉ። እዚህ ላይ ግን የመቁረጫ ማሽኑን ንባብ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ማሽኖች ዜሮ የሚሉት ቀጥ ያለውን ቆረጣ ነው። 50 ዲግሪ ጫፍ ለማግኘት ማሽኑ 40 ላይ ይቆማል። 45 ላይ ሁለቱ ንባቦች አንድ ስለሆኑ ማንም አያስተውለውም፤ ከ45 ስትወጡ ነው ብረቱ የሚበላሸው። ሁልጊዜ መጀመሪያ በሁለት ቁራጭ ሞክሩ፣ አጋጥሙ፣ በስኳድራ ወይም ከላይ ባለው የ1 ሜትር ዘዴ ፈትሹ፣ ከዚያ ዋናውን ቁረጡ። ስትበይዱም አራቱን ማዕዘኖች በነጥብ ብቻ አስያዙና ሰያፉን ለኩ፤ ሙሉው ብየዳ ካለቀ በኋላ ማረም መዶሻና ስድብ ነው።

ፌሮ ሠራተኛውም ይኸው የንባብ ጣጣ አለበት። የስታፋ (የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ብረት) ጫፍ መንጠቆ 135 ዲግሪ ይታጠፍ ሲባል የተለካው ብረቱ ከቀጥታ መስመሩ ያፈነገጠበት ነው። ስለዚህ በመንጠቆውና በስታፋው ጎን መካከል የሚቀረው 45 ዲግሪ ነው። በ90 ብቻ የታጠፈ መንጠቆ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣና የአርማታው ልባስ ሲረግፍ ይከፈታል፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን ይይዛል። ለማጠፊያው ጠረጴዛ መፈተሻ ለመሥራት ጣውላ ላይ በ10 ሴንቲ ሬዲየስ ቅስት ስመሩ፣ 7.65 ሴንቲ ለክታችሁ ነጥቡን ከመሃሉ ጋር አገናኙ፣ በዚያች የ45 ዲግሪ መስመር ላይ ቁረጡት። ቁራጩ መንጠቆውና ጎኑ መካከል ሳይላላና ሳይጣበቅ ከገባ ስታፋው ደህና ነው።